የቆዳ ካንሰርን ቀድሞ በመለየት ረገድ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ባለሙያዎች ሚና

የቆዳ ካንሰር የቆዳ ሕዋሳት ከቁጥጥር ውጭ ሲራቡ የሚፈጠር በሽታ ነው። ዋና ዋና ዓይነቶቹ ቤዛል ሴል ካርሲኖማ፣ ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ እና ሜላኖማ ይባላሉ። ከብዙዎቹ የውስጥ አካል ካንሰሮች የሚለየው በዓይን የሚታይ መሆኑ ነው። ስለዚህም በሽታውን ቀድሞ የማግኘት ዕድል ያለው ከቆዳ ስፔሻሊስቱ ይልቅ ታማሚው መጀመሪያ የሚያገኘው የጤና ባለሙያ ነው።

በኢትዮጵያ ገጠር ይህ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ሮብ ገበያ አካባቢ የሚኖር አንድ ገበሬ እግሩ ላይ የማይድን ቁስል ቢወጣበት መንገዱ የሚጀምረው ከቀበሌው ጤና ኬላ ነው። በጤና ኬላው የሚሠሩት በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም የሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ቀጥሎ ያለው ጤና ጣቢያ ሲሆን በዚያ በብዛት የሚያክሙት ጤና መኮንኖችና ነርሶች ናቸው። ከዚያ በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ ደብረ ማርቆስ ያለው ትልቅ ሆስፒታል ይመጣል። ቁስሉ በታችኛው ደረጃ ካልተጠረጠረ ወደ ላይ የሚልከው የለም።

በጥቁር ቆዳ ላይ

ብዙዎቹ የሕክምና መጻሕፍት የቆዳ ካንሰርን የሚያሳዩት በፀሐይ በተጎዳ ነጭ ቆዳ ላይ ነው። ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም ከፀሐይ ጨረር ስለሚከላከል በሽታው በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ያነሰ ነው፤ ሲከሰት ግን ዘግይቶ ይገኛል፣ ውጤቱም የከፋ ይሆናል። በተለይ ሜላኖማ በጥቁር ሰዎች ላይ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ፀሐይ በማያገኛቸው ቦታዎች፣ ማለትም በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ወዳጅ ያለው ሙዚቀኛ ቦብ ማርሊ በ1981 እ.ኤ.አ. ያረፈው ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ ነው። ምልክቱ መጀመሪያ የእግር ኳስ ጉዳት መስሎ ነበር።

በደጋው ገጠር ይህ ስህተት ይበልጥ ቀላል ነው። በባዶ እግሩ ወይም በላስቲክ ጫማ የሚሄድ ሰው ውስጥ እግሩ ይሰነጠቃል፣ እሾህ ይወጋዋል፤ አዲስ ጥቁር ነጥብም የእሾህ ጠባሳ ይመስላል። በተጨማሪም ምሥራቅ ጎጃም በቀይ አፈር ምክንያት የሚመጣው የዝሆኔ በሽታ (ፖዶኮኒዮሲስ) ያለበት አካባቢ ስለሆነ ባለሙያው ያበጠና የቆሰለ እግር ሲያይ ሐሳቡ ወደዚያ መሄዱ አይገርምም። ቁንጭርም እንዲሁ የፊት ላይ ካንሰርን ሊመስል ይችላል። ጫማ አስወልቆ፣ እግር አሳጥቦ ማየት ወጪ የለውም፤ ጊዜና ትሕትና ግን ይጠይቃል።

ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ደግሞ ከአሮጌ የእሳት ጠባሳ፣ ለዓመታት ካልዳነ ቁስልና የሥጋ ደዌ ካስከተለው የእግር ቁስል ላይ ሊነሳ ይችላል። የቁስሉ ጠርዝ ከፍ ብሎ ከጠነከረ፣ ቶሎ ቶሎ ከደማ ወይም ጠረኑ ከተለወጠ ፋሻ መቀየር ብቻ በቂ አይደለም። «ማርያም የሳመችው» የሚባለው የትውልድ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ መልኩ፣ ጠርዙ ወይም መጠኑ ሲቀያየር ግን መታየት አለበት። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ የሚወጣና እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመርም እንደዚሁ ነው።

አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ጉዳይ የተለየ ነው። ሜላኒን ስለሚያንሳቸው በወጣትነታቸው በፊት፣ በጆሮ፣ በከንፈርና በአንገት ላይ ካንሰር ሊይዛቸው ይችላል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር በጎጃም ደጋ ብርዱ የሚያታልል ነው፦ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ጨረሩ ጠንካራ ነው። ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና በየጥቂት ወሩ የሚደረግ የቆዳ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል።

ናሙናና ሪፈር

ካንሰርን በዓይን መጠርጠር እንጂ ማረጋገጥ አይቻልም። ናሙና (ባዮፕሲ) ተወስዶ በፎርማሊን ተቀምጦ በፓቶሎጂስት መታየት አለበት። ከሚያሳዝኑት ስህተቶች አንዱ የተቆረጠውን እባጭ ሳይመረምሩ መጣል ነው፤ ቁስሉ ይድናል፣ በሽታው ግን ይቀራል። ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር በታች እያለ ተቆርጦ የወጣ ሜላኖማ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ከተሰራጨ በኋላ ግን ታማሚው እስከ አዲስ አበባ መሄድ ሊኖርበት ይችላል፤ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በቆዳ ሕክምና ሥልጠና የታወቀው አለርት ማዕከልም የሚገኘው እዚያው ነው።

ፎቶና ኮምፒውተር

ከጤና ጣቢያ በስልክ ፎቶ አንስቶ ለስፔሻሊስት መላክ ርቀቱን ያሳጥራል። በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ወደ 130 ሺህ በሚጠጉ ምስሎች ያሠለጠኑት ፕሮግራም የቆዳ ካንሰርን ከቆዳ ሐኪሞች ባልተናነሰ መለየቱ ተዘግቧል። ሆኖም እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የሚሠለጥኑባቸው ምስሎች በአብዛኛው የነጭ ቆዳ በመሆናቸው፣ በኋላ በጥቁር ቆዳ ላይ ሲፈተኑ ብዙዎቹ ደክመው ታይተዋል። ኮምፒውተር ያላየውን አያውቅም፤ የገበሬ ውስጥ እግር ደግሞ ከእነዚያ ምስሎች መካከል እምብዛም አይገኝም።