ስፌትና አራስነት



በቆቦና በራያ ቆላ ሞሰብ ለምትሰፋ እናት ሙያዋ ጥበብም እንጀራም ነው። ልጅ ስትወልድ ሁለቱም ይፈተናሉ።

ስፌት ከመሃል ተነሥቶ እየዞረ ስለሚያድግ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ወስፌውን አስቀምጦ ሲተኛ ከዚያው መቀጠል ይቻላል። አስቸጋሪው አክርማው ነው፤ ሳይርስ ቢሰፉት ይሰበራል፣ ርሶም ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ለአንድ መቀመጫ የሚበቃውን ብቻ መንከር ይበጃል። ወስፌውም ከሕፃኑ ይራቅ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የገንዘቡ ነገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በድርጅት የተቀጠረች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ታገኛለች። በቤቷ የምትሰፋ ሴት ግን ቀጣሪ የላትምና ይህ አይደርሳትም። ብድር ካለባት የመክፈያው ቀን አራስ ናት ብሎ አይጠብቃትም።

እንግዲህ የፕሮጀክት ሠራተኞች፣ የብድር መክፈያ ስትወስኑ የአራስነቱን ወራት ዝለሉ። ምእመናንም አራስ ስትጠይቁ ከገንፎው ጋር ውሃ ቅዱላት፣ እንጨት ልቀሙላት፤ ያን ጊዜ ለስፌቷ አንድ ሰዓት ታገኛለች። ሞሰቧንም ስትገዙ የፈጀባትን ቀን ቆጥራችሁ ክፈሉ። ሸክምን መካፈል ማለት ይህ ነው።