ሲልቨር አለርት፦ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ሲጠፉ

ሲልቨር አለርት በአሜሪካ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ከቤት ወጥተው ሳይመለሱ ሲቀሩ ፖሊስ ለሕዝብ የሚያሠራጨው የአፋልጉኝ ጥሪ ነው። ጥሪው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይነገራል፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ይለጠፋል፤ የጠፋው ሰው መኪና ይዞ ከሆነ ደግሞ በአውራ ጎዳና የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች ላይ ይወጣል። አገር አቀፍ የሲልቨር አለርት ሕግ የለም። ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸውን ደንብ ስላወጡ ስሙም ይለያያል፤ ቨርጂኒያ ሲኒየር አለርት ትለዋለች፣ ጆርጂያ ደግሞ የማቲ ጥሪ። ሐሳቡ ከተጀመረ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ቢያልፉም፣ ጥሪው የጠፉትን ሰዎች ምን ያህል ያስገኛል የሚለው ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም።

የመርሳት ሕመም፣ በተለይም ዋነኛ መንስኤው የሆነው አልዛይመር፣ አቅጣጫ የመለየት ችሎታን ቀድሞ ከሚያዳክሙ ሕመሞች አንዱ ነው። ለሠላሳ ዓመት የተመላለሱበት መንገድ በአንድ ጠዋት እንግዳ ይሆናል። የአሜሪካ የአልዛይመር ማኅበር እንደሚለው፣ ከ10 የመርሳት ሕመምተኞች 6ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ መንገድ ስተው ይጠፋሉ። ለተመልካች ዝም ብለው የሚንከራተቱ ይመስላሉ፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ጉዞው ምክንያት አለው። ጡረታ ከወጡ ቆይተው ሳለ ወደ ሥራ ሊሄዱ ይነሣሉ፤ አድገው የወለዱ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ሊያመጡ ይወጣሉ፤ በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው «ቤቴ ልሂድ» ይላሉ። ከወጡ በኋላ ብርዱ፣ ሙቀቱ፣ ውኃ ጥሙና ያቋረጡት መድኃኒት ሰዓት በሰዓት ያደክማቸዋል። አንድ ቀን ሙሉ ሳይገኙ ከቀሩ የከባድ ጉዳትና የሞት ዕድላቸው በእጅጉ ይጨምራል።

የጥሪው አባት ሌላ ጥሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በቴክሳስ ግዛት አርሊንግተን ከተማ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ተጠልፋ ከተገደለች በኋላ፣ በስሟ አምበር አለርት የተባለው የተጠለፉ ሕፃናት ማፈላለጊያ ተቋቋመ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2003 የፌዴራል ሕግ አምበር አለርትን በመላ አገሪቱ አቀናጀው። በ2005 መጨረሻ የኦክላሆማ የሕዝብ ተወካይ ፍሬድ ፔሪ ተመሳሳይ ጥሪ ለአረጋውያንም እንዲኖር ሐሳብ አቀረቡ፤ የግዛቲቱ ምክር ቤትም በተከታዩ ዓመት የድጋፍ ውሳኔ አሳለፈ። ሐሳቡ ፍሎሪዳን፣ ቴክሳስንና ቨርጂኒያን ጨምሮ ከግዛት ወደ ግዛት በፍጥነት ተዛመተ።

ካስፋፉት ክስተቶች ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት የጥሪውን ጥንካሬም ድካምም ያሳያል። የጆርጂያን የ2006 ሕግ የወለደው በ2004 ማቲ የተባሉ አንዲት የአልዛይመር ታማሚ በአትላንታ መጥፋታቸው ነው። አስከሬናቸው ከወራት በኋላ የተገኘው ከቤታቸው ብዙም ሳይርቅ፣ ጫካ ውስጥ ነበር። ፍሎሪዳን ያነሣሣው ደግሞ በ2008 መጀመሪያ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አንዲት አዛውንት መኪናቸውን እያሽከረከሩ ጠፍተው ከነመኪናቸው ውኃ ውስጥ ገብተው መገኘታቸው ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት አገረ ገዥው ቻርሊ ክሪስት ሲልቨር አለርትን በትእዛዝ አቋቋሙ። አንዷ በእግራቸው ወጥተው በቅርብ ቀሩ፤ ሌላዋ በመኪና ርቀው ሄዱ። የአውራ ጎዳና ሰሌዳ ሁለተኛዋን ሊያድን ይችል ነበር፤ የመጀመሪያዋን ግን አያድንም።

ሂደቱ የሚጀምረው ቤተሰብ ወይም የአረጋውያን መኖሪያ ለፖሊስ ሲደውል ነው። ፖሊስ አካባቢውን ይፈትሻል፤ ሰውዬው የመርሳት ችግር እንዳለበትና መጥፋቱም ለአደጋ እንደሚያጋልጠው ያጣራል፤ መረጃውን በጠፉ ሰዎች መዝገብ ያስገባል፤ ከዚያ ጥሪው እንዲወጣ ይጠይቃል። መስፈርቱ ከግዛት ግዛት ይለያል። በፍሎሪዳ ዕድሜው 60 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ያሉትም የማይመለስ የአእምሮ መዳከም ካለባቸው ይካተታሉ። በግዛት ደረጃ የሚወጣው ጥሪ የጠፋው ሰው መኪና ይዞ መሄዱንና ታርጋው መታወቁን ይጠይቃል፤ በእግሩ ለወጣ ሰው ጥሪው የሚወጣው በአካባቢው ፖሊስ በኩል ነው። ቴክሳስ የሕመሙን የሐኪም ማስረጃ ትፈልጋለች። ይህ መስፈርት ላይ ላዩን ሲያዩት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን «እርጅና ነው» ተብለው ሐኪም ዘንድ ሳይቀርቡ የኖሩ አዛውንት ሲጠፉ ቤተሰቡ የሚያቀርበው ወረቀት አይኖርም።

በሰሌዳው ላይ የሚወጣው ጽሑፍ እጅግ አጭር ነው። ሲልቨር አለርት የሚል አንድ መስመር፣ ከሥሩ የመኪናው ቀለምና ዓይነት፣ በመጨረሻ የታርጋ ቁጥር። የሰውዬው ስም፣ መልክና ዕድሜ አይጻፍም። በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳ ሰው ለማንበብ ያለው ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ከዚህ በላይ መጻፍ አይቻልም። በአንጻሩ የመኪናው መግለጫ ትክክል ከሆነ አንድ ታርጋ በሺዎች በሚቆጠሩ ዓይኖች ይፈለጋል፤ ነዳጅ ማደያ ቆመው ግራ የገባቸው አዛውንት የሚገኙትም እንዲህ ነው። መኪና ላላቸው ሰዎች ጥሪው ጠቃሚ መሆኑ ብዙ አያከራክርም።

ችግሩ በእግራቸው የሚወጡት ላይ ነው። አምበር አለርት የተቀረጸው ጠላፊ ሕፃን ይዞ በመኪና እየሸሸ ነው በሚል ግምት ነው፤ ስለዚህ ፍለጋው ሰፊ፣ መልእክቱም ሩቅ የሚደርስ መሆን ነበረበት። የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው ግን የሚያሸሸው ጠላፊ የለም። የጠፉ ሰዎችን ባሕርይ ያጠኑት ሮበርት ኬስተር እንደሚያስረዱት፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር እስኪያግዳቸው ድረስ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ቁጥቋጦ፣ አጥር ወይም የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ገብተው እዚያው ይቀራሉ። ስማቸው ሲጠራ «አቤት» አይሉም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ይደበቃሉ። የነርስ ሙያ ተመራማሪዋ ሜሬዲት ሮው ባካሄዱት ጥናትም የሞቱት ብዙዎቹ ሰው በማያያቸው ዛፍና ሣር በሸፈናቸው ቦታዎች መገኘታቸው ታይቷል። የአልዛይመር ማኅበርም ከሚጠፉት ብዙዎቹ ከቤታቸው በ2 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ክልል ውስጥ እንደሚገኙ ይገልጻል። ለእንዲህ ያለው ሰው ቴሌቪዥን የሚያይ ሚሊዮን ሕዝብ ከሚያደርገው ይልቅ፣ እያንዳንዱን ጓሮ፣ ጋራዥና ቁጥቋጦ ገልጦ የሚያይ ጥቂት ሰው ይበልጥ ይጠቅማል።

ተመራማሪዎች የጥሪውን ውስንነት ካስተዋሉ ቆይተዋል። በ2010 ዶን ካርና ባልደረቦቿ «ዘ ጀሮንቶሎጂስት» በተባለው የእርጅና ጥናት መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ግዛቶቹ ሕጉን ያወጡት ውጤታማነቱ በጥናት ሳይፈተሽ መሆኑን አመለከቱ። ቲሞቲ ግሪፊን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ አምበር አለርት ራሱ ከሚታመነው ያነሰ ውጤት እንዳለው ተከራክሮ ነበር። ሌላው ስጋት የጥሪ ብዛት ነው። ሰሌዳው በየቀኑ ሲበራ ነጂው ማንበቡን ይተዋል። የሰው ክብርም ጉዳይ አለ፤ ጥሪ ሲወጣ የአንድ ሰው የሕመም ሁኔታ ከነፎቶው ለአገር ይነገራል፤ ሰውዬው ከተገኘ በኋላም ፎቶው ከበይነ መረብ አይጠፋም። ይህን ሁሉ አስቦ ጥሪውን መሰረዝ ግን ስሕተት ይሆናል። ትክክለኛው መፍትሔ ጥሪውን ለሚጠቅምበት ሁኔታ ማዋልና በእግር ለወጡት በሰፈር የሚደረገውን ፈጣን ፍለጋ ማጠናከር ነው።

የፌዴራል መንግሥቱ ድርሻ እስካሁን ውስን ነው። አገር አቀፍ የሲልቨር አለርት ረቂቅ በ2008ም በ2009ም በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። ከ1994 ጀምሮ የነበረው የጠፉ የአልዛይመር ታማሚዎች መርሐ ግብር በ2018 ታድሶ፣ ኦቲዝም ያለባቸውን ሕፃናትም እንዲያካትት ተደርጓል። በ2024 ደግሞ የፌዴራሉ የኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን የአደጋ ጊዜ ሥርዓት ለጠፉና ለአደጋ ለተጋለጡ ሰዎች የሚሆን አዲስ ኮድ አጽድቋል።

ጉዳዩን ከሁሉም ይልቅ በሰፈር ደረጃ የያዘችው ጃፓን ናት። ሕዝቧ በፍጥነት ስላረጀ ችግሩ ቀድሞ ደረሰባት። በ2012 የመርሳት ሕመም ኖሮባቸው ጠፍተዋል ተብለው ለፖሊስ የተመዘገቡት 9,607 ነበሩ፤ በ2023 ቁጥሩ 19,039 ደረሰ። በሰሜናዊቷ የሆካይዶ ደሴት የምትገኘው ኩሺሮ ከተማ በ1994 የጀመረችው የፍለጋ መረብ ፖሊስን፣ የታክሲ ነጂዎችንና የአካባቢውን ኤፍ ኤም ሬዲዮ ያስተሳሰረ ነበር። የፉኩኦካዋ ኦሙታ ከተማ ከዚህ አልፋ በየዓመቱ ልምምድ ታደርጋለች። አንድ ሰው የጠፋ አዛውንት ሆኖ በከተማው ይዘዋወራል፤ ነዋሪዎች መልእክት ይደርሳቸዋል፤ ይፈልጉታል፤ ሲያገኙትም ሳያስደነግጡ እንዴት እንደሚያነጋግሩት ይለማመዳሉ። የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም፤ ከኋላ መጥቶ ትከሻ የሚይዝ እንግዳ ሰው ታማሚውን ሊያስበረግገውና ወደ መንገድ ሊያስሮጠው ይችላል።

ጃፓን ስለ አስታማሚዎች ኃላፊነትም ውሳኔ ሰጥታለች። በ2007 በአይቺ አውራጃ የ91 ዓመት የመርሳት ሕመምተኛ ከቤት ወጥተው በባቡር ተገጭተው ሞቱ። የባቡር ኩባንያው ለደረሰበት መስተጓጎል ቤተሰቡን ካሣ ጠየቀ፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም ተቀበሉት። ባልየው የወጡት ራሳቸው የሰማንያዎቹ ዕድሜ አዛውንት የነበሩት ሚስታቸው እንቅልፍ ሸለብ ባደረጋቸው ቅጽበት ነበር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በመጋቢት 2016 ቤተሰቡ ተጠያቂ እንዳልሆነ ተወሰነ። ፍርዱ ለአስታማሚዎች ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ሌት ተቀን የሚጠብቅ ሰው ዓይኑ ስለተከደነ ባለዕዳ መሆን አይገባውም።

ደቡብ ኮሪያ ከ2021 ጀምሮ የጠፉ ሕፃናትንና የመርሳት ሕመምተኞችን መግለጫ በአካባቢው ወዳሉ የእጅ ስልኮች ትልካለች። የእንግሊዝ ፖሊስ የሚጠቀምበት የኸርበርት ፕሮቶኮል ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ ቤተሰብ ሰው ከመጥፋቱ በፊት የሚሞላው ቅጽ ነው። ስሙ የመርሳት ሕመም ከነበረባቸውና በተደጋጋሚ ከጠፉ አንድ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኖርማንዲ ዘማች የተወሰደ ነው፤ እሳቸው የሚወጡት የልጅነት ቤታቸውን ፍለጋ ነበር። ቅጹ የቅርብ ጊዜ ፎቶ፣ የቀድሞ አድራሻዎች፣ የሠሩባቸው መሥሪያ ቤቶች፣ የሚወዷቸው ቦታዎች፣ የሚወስዱት መድኃኒትና ከዚህ በፊት ጠፍተው የተገኙባቸው ሥፍራዎች ይሰፍሩበታል። በጭንቀት ሰዓት ማንም እነዚህን በትክክል አያስታውስም።

ልጆቻቸውን ተከትለው አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን አረጋውያን ላይ ጉዳዩ ተጨማሪ ውስብስብነት አለው። ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ብዙ ታማሚዎች ሕመሙ ሲበረታ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይከዳቸዋል፤ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወይም በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ጎዳና ላይ የሚገኙ አንዲት እናት በአማርኛ ብቻ ሊመልሱ፣ አለዚያም ዝም ሊሉ ይችላሉ። የእናት ሁለተኛ ስም የአባታቸው፣ የልጃቸው ሁለተኛ ስም ደግሞ የአባቱ ስለሆነ፣ የአገሩ መዝገብ እናትና ልጅ መሆናቸውን ከስም አይለይም። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ስም በሁለትና በሦስት ዓይነት ይጻፋል። በስደተኝነት የገቡ ብዙዎች የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። ደዋዩ በድንጋጤ «ሦስት ሰዓት ላይ ወጡ» ሲል በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስቦ ሊሆን ይችላል፤ የተቀበለው ፖሊስ ግን ሌላ ሰዓት ይጽፋል፤ ፍለጋውም በስድስት ሰዓት ይዛነፋል። መድረሻቸውም በፖሊስ ግምት ውስጥ አይኖርም፤ ማልደው የወጡት ኪዳን ሊያደርሱ ቤተ ክርስቲያን ፍለጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቤተሰቡ አባላት ብቻ የሚያውቁት መረጃ እዚህ ከሌላው ቤት የበለጠ ዋጋ አለው።

ቤተሰብ ማድረግ ያለበት ቀድሞ የሚደረግ ነው። የእናት ወይም የአባት ፎቶ፣ ስማቸው በሰነዳቸው ላይ በተጻፈበት ፊደል፣ የሕመማቸው የሐኪም ማስረጃ፣ የሚናገሩት ቋንቋና መሄድ የሚወዷቸው ቦታዎች በአንድ ወረቀት ይጻፉ። ስልክ ቁጥር የተቀረጸበት አምባር በእጃቸው ይታሰር። ጎረቤት ሕመሙን ይወቅ፤ በዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም። ጠፍተው ሲገኙ ጉዳዩን ሸፋፍኖ ማለፍም አይገባም፤ አንድ ጊዜ የጠፋ ሰው እንደገና ሊጠፋ ይችላል። ፖሊስ 24 ሰዓት ካላለፈ አይቀበልም የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። የአልዛይመር ማኅበር ምክር ግልጽ ነው፤ ቤቱንና አካባቢውን ፈልጋችሁ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካላገኛችኋቸው 911 ደውሉ፤ የመርሳት ሕመም እንዳለባቸውም በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገሩ።