ጨዋታው ልጃችንን ምን እያስደጋገመው ነው?
የቪዲዮ ጌም ለትምህርት ያለው ጥቅምና ጉዳት



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በየቤታችን ያለ ነው። ልጅ የአባቱን ስልክ ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጣል። «ምን እያደረግክ ነው?» ሲሉት «እየተማርኩ ነው» ይላል። እናት ጠጋ ብላ ስታይ እውነትም ቁጥር የሚያስደምር ጌም ነው። ትንሽ ቆይታ ስትመለስ ግን መኪና ከመኪና እያላተመ ታገኘዋለች። ታዲያ ትተወው ወይስ ትቀማው?

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት ወላጆች አሉ። አንዱ «ጌም ልጅ ያበላሻል» ብሎ ጨርሶ ይከለክላል። ሌላው «ዘመኑ ነው» ብሎ ስልኩን ሰጥቶ ይሄዳል። ሁለቱም አንድ ጥያቄ አልፈዋል። እሱም «ይህ ጨዋታ ልጄን ምን እያስደጋገመው ነው?» የሚለው ነው። ልጅ ደጋግሞ የሠራውን ይለምዳል፤ የለመደው ደግሞ ችሎታው ወይም ሱሱ ይሆናል።

በጨዋታ መማር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ገበጣን እንውሰድ። ተጫዋቹ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ሲዘራ ይቆጥራል፤ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍም አስቀድሞ ያሰላል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ገበጣ የሚያስደጋግመው ቆጠራና ማሰብ ስለሆነ አእምሮን ያሠለጥናል። ዛሬ ይኸው ገበጣ በአገራችን ባለሙያዎች ተሠርቶ በስልክ ላይ ይገኛል።

ወደ ኮምፒዩተሩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» በተባለው ፕሮጀክት 5,000 ያህል ትናንሽ ላፕቶፖች አዲስ አበባን ጨምሮ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታደሉ። ውጤቱ ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ላፕቶፑን የተጠቀሙ ልጆች ነገሮችን በማነጻጸርና በየዓይነታቸው በመመደብ ካልተጠቀሙት ተሽለው መገኘታቸውን አሳይቷል። በሌላ በኩል፣ ብዙ መምህራን ዕቃውን እንደ መጫወቻ አዩት፤ ተማሪው ሰሌዳውን ትቶ ላፕቶፑን እያየ ትምህርቱን ይረብሻል ሲሉም አማረሩ። መምህሩ በላፕቶፑ እንዴት እንደሚያስተምር ሳይሠለጥን ዕቃው ቀድሞት ክፍል ገብቶ ነበርና።

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ሌላ ሙከራ አደረገ። ትምህርት ቤት ወደሌለባቸው ሁለት መንደሮች፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ ፊደል የሚያስተምሩ ጨዋታዎች የተጫኑባቸውን ታብሌቶች ከነካርቶናቸው ላከ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት ልጆቹ ማብሪያውን ራሳቸው ፈልገው አገኙ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መዘመር ጀመሩ፤ ከወራት በኋላም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። የልጅ አእምሮ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። ሆኖም ጨዋታው ያስደጋገማቸው እቤት የማይነገር ቋንቋ ፊደል እንደነበር አንርሳ።

በልጆቹ ቋንቋ ቢሆንስ? መልሱ ከታንዛኒያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተጠናቀቀ አንድ ዓለም አቀፍ ውድድር በ170 መንደሮች ለሚኖሩ ልጆች በስዋሂሊ ቋንቋ የተዘጋጁ የመማሪያ ጨዋታዎች ተሰጡ። በመጀመሪያ ከ90 በመቶ የሚበልጡት አንዲት የስዋሂሊ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር። ከ15 ወራት በኋላ ማንበብ የማይችሉት ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ግማሾቹ ግን ያኔም አላነበቡም፤ ስለዚህ ጌም መምህርን ይረዳል እንጂ መምህርን አይተካም።

ጥሩ የትምህርት ጌም ለምን ይሠራል? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጁ ሲሳሳት ወዲያው ይነግረዋል፤ በጓደኞቹ ፊት አያሳፍረውም፤ የቀለለውን ሳይጨርስም ወደከበደው አያሳልፈውም። ስልሳና ሰባ ተማሪ በሚታጨቅበት ክፍል መምህሩ ይህን ለእያንዳንዱ ልጅ ማድረግ ይቸግረዋል።

ጉዳቱም የሚመጣው ከዚያው ከመደጋገሙ ነው። ብዙ ጌሞች ሆን ተብሎ «አንድ ጊዜ ብቻ ልጨምር» እንዲያሰኙ ሆነው ተሠርተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር የጌም ሱስን እንደ ሕመም መዝግቦታል። ምልክቶቹም ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው ጉዳይ ሁሉ ማስቀደምና ጉዳቱ እየታየም መቀጠል ናቸው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ሲዘልቅ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ የተጫወተ ልጅ ሁሉ ሱሰኛ አይባልም። ሁለተኛው አደጋ ገንዘብ ነው። አንዳንድ ጌሞች ውስጡ የማይታወቅ ሳጥን በገንዘብ ያስገዛሉ። ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ቁማር ነው ብላ ከልክላለች። ሦስተኛው የመጫወቻው ቦታ ነው። በየሰፈሩ ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ልጁ ከጌሙ ጋር ከትምህርት ቤት መቅረትን፣ መወራረድንና ስድብን አብሮ ሊለምድ ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ጌሙን ከልጃችን በፊት እኛ አሥር ደቂቃ እንጫወተው፤ ምን እንደሚያስደጋግም ያኔ ይገባናል። ሁለተኛ፣ የሚያበቃበትን ሰዓት ከመጀመሩ በፊት እንንገረው፤ በጨዋታው መሀል መንጠቅ ጠብ ብቻ ነው የሚያተርፈው። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የዓለም የጤና ድርጅት የመከረው ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ደግሞ ጨርሶ እንዳይሰጥ ነው። ሦስተኛ፣ ስልክ ከልጅ ጋር አይደር፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ጠዋት ትምህርት አይገባውም። አራተኛ፣ በጌሙ የተማረውን ከስክሪኑ ውጪ እናሠራው።

ለዚህ ለአራተኛው ምክር የአዲስ አበባ ወላጅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ልጁ በጌም መቀነስን ከተማረ፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው መንገድ ይዘነው እንውጣ። የከተማው መሀል ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ነው። «ስንት ሜትር ይበልጣል?» ብለን እንጠይቀው። ስምንት መቶ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ጉልበቱ ይነግረዋል። ስለ ፕላኔቶች የሚጫወት ከሆነም፣ በዚያው ተራራ ላይ መስተዋታቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ የጠፈር ምርምር ማዕከል እንዳለ እናሳየው። ባሕር ዛፉን ሲያይ ከየት እንደመጣ ይጠይቅ፤ ከአውስትራሊያ የመጣና በምኒልክ ዘመን የተስፋፋ መሆኑን ስንነግረው ታሪክም ጂኦግራፊም አንድ ላይ ይማራል። ስክሪን ላይ የቀረ ዕውቀት ይረሳል፤ በእግር የተወጣው ግን አብሮ ይኖራል።

ውድ አድማጮች፣ ልጆቻችን አማና ናቸው። ስልክ ሰጥቶ ዝም ማሰኘት ለአንድ ምሽት ያሳርፈናል፤ ሒሳቡ ግን የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ ማታ ልጃችን ስልኩን ሲያነሳ አንቆጣ፤ አጠገቡ ተቀምጠን «እስቲ አሳየኝ» እንበለው። ከዚያ በኋላ መተውም መከልከልም በዕውቀት ይሆናል።