ማርሽ አልገባም ያለ ካሚዮን

የነጋዴ ዕቃ መጋዘን ሞልቶ ቢቀመጥ፤ ወደ ገዢው የሚያደርሰው መኪና ከቆመ እንደሌለ ይቈጠራል። ስለዚህ የመኪና ነገር የሾፌርና የመካኒክ ጕዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው ለነጋዴ አያዋጣም። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው እኔ በአንድ የመርካቶ ነጋዴ ዘንድ በጸሐፊነት የምሠራ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በእኛ ቤት የደረሰው ለሌሎችም ትምህርት ይሆናል ብዬ ስላመንሁ፤ ለአንባቢዎች እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ፤ ሳሙናና የምግብ ዘይት ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን ሊሄድ የተዘጋጀው ካሚዮናችን ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ማርሽ አልገባም አለ። ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ረግጦ አንደኛ ማርሽ ለማስገባት ቢሞክር እጀታው እምቢ ይላል፤ የኋላ ማርሽ ሲሞክር ደግሞ ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ ይሰማል። የተጠራው መካኒክ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሮ «ካምቢዮው ተበልቷል፤ ወርዶ መፈታት አለበት» ሲል ፈረደ። ለሥራውም ሦስት ቀንና ብዙ ገንዘብ ጠየቀ። በዚህ ላይ «ይህ የሚመጣው ከነጂው አያያዝ ጕድለት ነው» ብሎ ስለ ጨመረ፤ ጌታዬ ወጪው በየወሩ ከሾፌሩ ደመወዝ እንዲቈረጥ የሚል ደብዳቤ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። እኔም ጻፍሁ።

ሾፌሩ ዐሥራ አንድ ዓመት ያገለገለና አራት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። «ጋሼ፤ ሞተሩ ሲጠፋ እኮ ማርሹ ይገባል» ብሎ ለጌታዬ ደጋግሞ ቢናገርም፤ የመካኒክ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ የእርሱን ቃል የሚሰማ አልተገኘም።

ደብዳቤው ገና ሳይፈረም አንድ ጎረቤታችን ባለሱቅ የሚያውቋቸውን አዛውንት መካኒክ አመጡልን። አዛውንቱ አንድም መፍቻ ሳያወጡ «ሞተሩ ሲጠፋስ ይገባል?» ብለው ጠየቁ። ሾፌሩ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ።

የጥያቄው ምክንያት ይህ ነው። ሞተር ኀይሉን ለካምቢዮው የሚያስተላልፈው በፍሪሲዮን አማካይነት ነው። በሞተሩ ጫፍ በሚሽከረከረው ከባድ ብረት ላይ የፍሪሲዮን ሸራ ተጭኖ አብሮ ይዞራል። ፔዳሉ ሲረገጥ ሸራው ከብረቱ ይላቀቃል፤ ወደ ካምቢዮው የሚገባውም ዘንግ ከሞተሩ ኀይል ነጻ ስለሚሆን የማርሹ ጥርሶች ያለ ችግር ይገጣጠማሉ። ሸራው በሚገባ ካልተላቀቀ ግን ሞተሩ ዘንጉን ማዞሩን ስለሚቀጥል ጥርሶቹ ይፋጫሉ። ሞተሩ ሲጠፋ የሚዞር ነገር ስለሌለ፤ ጤነኛ ካምቢዮ ማርሹን ይቀበላል። እንግዲህ ማርሹ ሞተር ጠፍቶ የሚገባ፤ ሞተር ተነሥቶ የማይገባ ከሆነ፤ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ፍሪሲዮኑ እንጂ ካምቢዮው አይደለም። ሞተር ጠፍቶም የማይገባ ከሆነ ደግሞ፤ ከእጀታው እስከ ካምቢዮው ያለው ካቦ ወይም ዘንግ ወልቆና ተጣሞ እንደ ሆነ መታየት አለበት። ካምቢዮው የሚፈታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አዛውንቱ የተከተሉት ሥርዐት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ መኪናው በሜዳ ላይ እንዳለ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ለጎማዎቹ ድንጋይ ተደረገ።

ሁለተኛ፤ ሞተሩ ተነሥቶ ፔዳሉ ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተረገጠ፤ ማርሹም በመከራ ገባ። ይህ በመስመሩ ውስጥ አየር መግባቱን ወይም የፖምፓው ጎማ መድከሙን ያመለክታል።

ሦስተኛ፤ የፍሪሲዮኑ ዘይት ታየ፤ ከምልክቱ በታች ወርዶ ተገኘ። ይህ ዘይት እንደ ነዳጅ የሚቃጠል አይደለምና ጎደለ ማለት በአንድ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው።

አራተኛ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ከፔዳሉ ዘንድ ያለው የላይኛው ፖምፓና ከካምቢዮው ጎን ያለው የታችኛው ፖምፓ ተመረመሩ። የታችኛው እርጥብ ነበር፤ ፔዳሉ ሲረገጥም ዘንጉ ጥቂት ብቻ ተንቀሳቀሰ። ዘንጉ በሙሉ ተንቀሳቅሶ ማርሹ ባይገባ ኖሮ፤ ጕድለቱ በውስጥ ካለው ሸራ ወይም ኩሽኔታ ስለሚሆን ካምቢዮው መውረዱ ግድ ይሆን ነበር።

የእኛ ካሚዮን በሽታ ግን በታችኛው ፖምፓ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ጎማ ነበረች። ፖምፓው ተጠርጎ ጎማው ተለወጠ። ከዚያም አንዱ ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው የፖምፓውን ማስተንፈሻ ብሎን እየከፈተ፤ ፔዳሉ ሳይለቀቅ እየዘጋ፤ ዘይቱ ያለ አረፋ እስኪወርድ ድረስ አየሩ እንዲወጣ ተደረገ። ካሚዮኑም በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ጕዞውን ጀመረ።

በመለዋወጫ ንግድ ላይ ያላችሁም ልታስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ለዚህ መስመር የሚሸጠው አምራቹ ያዘዘው የፍሬን ዘይት ዐይነት ብቻ ነው። የሞተር ዘይት ቢጨመርበት ጎማዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን የሚፈቀደው ዝቅተኛ ልክ 140 ነው። ስለዚህ ተከፍቶ የቆየ ጣሳ ለደንበኛ አይሰጥም። መኪና የሚያስጠግን ነጋዴም ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተደረገውን ፈተናና ዋጋውን በጽሑፍ፤ ከተፈጸመ በኋላ ደግሞ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ በእጁ ይቀበል።

ያዘጋጀሁትን ደብዳቤ በዚያው ቀን በጌታዬ ፊት ቀደድሁት። ጌታዬም ሾፌሩን አስጠርተው «ነግረኸን ነበር፤ አልሰማንህም» አሉት። ከዚያ ወዲህ የዘይቱን ልክ በየወሩ በመዝገብ የሚጽፈው ሾፌሩ ራሱ ነው፤ መካኒክ በተጠራ ጊዜም አስቀድሞ የሚጠየቀው እርሱ ነው።