ስለ ጐባጣው የኋላ መስተዋትና ስለ ሠራተኛው ትዕግሥት

የሰው ልጅ ከጥንት ዠምሮ የፀሐይን ብርሃን ሲወድ ሐሩሩን ግን ሲሸሽ ኖሯል። መንገደኛ በዛፍ ሥር ያርፋል፤ መኳንንትና ካህናት ጥላ ይዘረጋላቸዋል፤ ቤት የሠራም ሰው መስኮቱን በመጋረጃ ይከልላል። አውቶሞቢል በዓለም ላይ ከተስፋፋ በኋላ ደግሞ በመስተዋቱ የሚገባው ትኩሳት ተሳፋሪውን ስላስቸገረ፥ የወንበሩንም ልብስ ስላነጣ፥ ቲንት የሚባለው ስስ ላስቲክ በመስተዋት ላይ የሚለጠፍበት ሥራ ተገኘ። ይህ ሥራ ቆሞ ለሚያየው ሰው እጅግ ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ቀላል የሚሆነው መስተዋቱ ለጥ ያለ ሲሆን ብቻ ነው። የኋላው መስተዋት አብዝቶ የጐበጠ የሆነ እንደሆነ ግን የሠራተኛው ዕውቀትና ሕሊና የሚፈተነው በዚያ ነው።

የችግሩ ሥር ከሠራተኛው ስንፍና የመጣ አይደለም፤ በነገሩ ባሕርይ ውስጥ ያለ ነው። ማንም ሰው አንድ ወረቀት ወስዶ በብርቱካን ላይ ቢያለብስ፥ ወረቀቱ በመካከል ሲጠጋ በዳር በዳሩ እንደሚጨማደድ ያያል። ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ የተባለው የጀርመን ሊቅ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1827 ዓ.ም. ለጥ ያለ ነገር ሳይለጠጥ ወይም ሳይኮማተር እንደ ኳስ ባለ ገላ ላይ ሊገጥም ከቶ እንደማይቻል በሒሳብ አስረድቷል። የዓለምን ካርታ የሚነድፉ ሰዎችም የአገሮቹን ስፋት ወይም መልክ ለማዛባት የሚገደዱት ስለዚሁ ነው። እንደ በርሜል ወደ አንድ ወገን ብቻ የጐበጠ መስተዋት አያስቸግርም፤ ወረቀትም ይጠቀለልበታል። ከላይ ወደ ታችም ከግራ ወደ ቀኝም የጐበጠው ግን ላስቲኩን አይቀበልም።

የቀድሞዎቹ አውቶሞቢሎች የኋላ መስተዋት ትንሽና ለጥ ያለ ነበረ። ኋላ ግን ፋብሪካዎቹ ለመልክና ለነፋስ የሚያመች ቅርጽ ሲፈልጉ መስተዋቱን እያሰፉና እያጐበጡ ሄዱ። በአሜሪካ በ1964 ዓ.ም. የወጣው ፕሊመዝ ባራኩዳ 14.4 ካሬ ጫማ፥ ይኸውም ከ1.3 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ፥ ዙሪያውን የከበበ የኋላ መስተዋት ነበረው፤ በ1978 ዓ.ም. የወጣውም ሸቭሮሌት ኮርቬት እንዲሁ ወደ ጐን የሚታጠፍ ሰፊ የኋላ መስተዋት ተደረገለት። እንዲህ ያለው መስተዋት ለዓይን ያማረ ሲሆን ለለጣፊው ግን ፈተና ነው።

ለዚህ ፈተና መድኃኒቱ የተገኘው ከላስቲኩ ከራሱ ነው። ላስቲኩ የሚሠራበት ፖሊስተር የተባለው ነገር በ1941 ዓ.ም. ዊንፊልድና ዲክሰን በተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የኬሚካል ዐዋቂዎች የተገኘ ነው። በፋብሪካ ሲሠራ እየተሳበ ስለሚቀጥን፥ እንደገና ሙቀት ሲያገኘው ወደ ቀድሞው መጠኑ ለመመለስ ይኮማተራል፤ ይልቁንም የሚኮማተረው በጥቅሉ ርዝመት በኩል ነው። ስለዚህ ዐዋቂ ሠራተኛ ገና ከመቍረጡ በፊት የላስቲኩን አቅጣጫ ይመረምራል። አቅጣጫውን ስቶ የቈረጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢደክም ድካሙ ከንቱ ነው።

የሥራውም ሥርዐት እንዲህ ነው። ላስቲኩ የሚለጠፈው ከውስጥ ሲሆን ቅርጹን የሚይዘው ግን ከውጭ ነው። ሠራተኛው አስቀድሞ የመስተዋቱን ውጭ አጥርቶ ያጥባል፤ ላስቲኩም እንዲንሸራተት በሳሙና ውሃ ያርሰዋል ወይም ጥቂት ፓውደር ይቀባዋል። ከዚያ በኋላ ላስቲኩን፥ ሙጫውን ከሚጠብቀው ልባሱ ጋራ፥ በላዩ ያነጥፋል። በግራና በቀኝ ዳር፥ በመካከሉም በአግድም አስተኝቶ ከያዘው በኋላ፥ የተረፈውን ወደ ላይና ወደ ታች ይሰበስበዋል። ይህ ትርፍ እንደ ጣት ተራ በተራ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያን ጊዜ የሞቀ አየር በሚነፋ መሣሪያ እያንዳንዱን ጣት ከሥሩ ወደ ጫፉ በቀስታ ያሞቀዋል፤ ሲኮማተርም በጐማ መጥረጊያ ይደመድመዋል። ትልቁንም ጣት በአንድ ጊዜ ለማጥፋት አይታገልም፤ ለሁለትና ለሦስት ከፍሎ ያሳንሰዋል እንጂ።

በቤተ ክርስቲያን ጥላ ያደጉ ሰዎች ይህን ነገር ከመጽሐፍ ደጓሽ ያውቁታል። ደጓሽ ቆዳውን በእንጨቱ ገበታ ላይ በደረቁ አያለብሰውም፤ አስቀድሞ አርሶ ያለሰልሰዋል፤ በማእዘኑ የሚተርፈውንም ሳስቶ እንዲታጠፍ ያሰናዳዋል። የቸኰለ ደጓሽ የሠራው መጽሐፍ በማእዘኑ ሲያብጥ ይታወቃል። ደጓሽ በውሃ የሚያደርገውን ለጣፊው በሙቀት ያደርገዋል፤ የሁለቱም ብልሃት ግን አንድ ነው፥ እንቢ ያለውን ነገር በጕልበት አለመጫን ነው።

ቸኵሎ የሚሠራ ሰው የሚስተው በሦስት ነገር ነው። መጀመሪያው፥ ሙቀቱን በአንድ ስፍራ አብዝቶ ላስቲኩን ያቃጥላል፤ የተቃጠለ ላስቲክ ደግሞ ተመልሶ አይቃናም፤ አንዳንድ ጊዜም መስተዋቱ ራሱ ይፈነዳል። ሁለተኛው፥ ጣቶቹን ሳያጠፋ ከውስጥ ለጥፎ በኀይል ይጫናቸዋል፤ እነዚያም እጥፋት ሆነው ለዘወትር ይቀራሉ። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው። በኋላው መስተዋት ውስጥ ጉም የሚያጠፉ ቀጫጭን የኤሌክትሪክ መስመሮች ተሥለውበታልና፥ አሮጌውን ላስቲክ በምላጭ የሚፍቅ ሰው መስመሮቹን ይበጥሳል። ዐዋቂው ግን በእንፋሎት አለስልሶ በዝግታ ይልጠዋል። በመስተዋቱ ዳር የሚገኙት ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦችም ሻካራ ስለሆኑ ሙጫውን በደኅና አይዙትም፤ ቅን ሠራተኛ ይህን ለባለ ንብረቱ አስቀድሞ ይነግረዋል እንጂ ከከፈለ በኋላ አያስደንቀውም።

በቀድሞ ጊዜ መስተዋቱ እጅግ የጐበጠ እንደሆነ ላስቲኩን በአግድም እየቈራረጡ፥ መጋጠሚያውንም በኤሌክትሪኩ መስመር ላይ እየደበቁ ይለጥፉ ነበር። ይህ በችግር ጊዜ የተገኘ ብልሃት ስለሆነ አይነቀፍም። ዛሬ ግን በሙቀት ማኰማተር ከታወቀ ወዲያ፥ አንዱን መስተዋት በአንድ ላስቲክ ማልበስ የሚቻል ሆኗል።

እንግዲህ የዚህ ሥራ ዋጋ ያለው ባለ ንብረቱ በማያየው ክፍል ነው። የመጨረሻው መለጠፍ ጥቂት ጊዜ ይበቃዋል፤ ረጅሙ ጊዜ የሚያልፈው ከውጭ ቅርጽ በማስያዙ ነው። በውጭ ሳለ የተበላሸ ላስቲክ ቢጣል ጕዳቱ የአንድ ቍራጭ ዋጋ ብቻ ነው፤ በውስጥ ከተለጠፈ በኋላ የተበላሸው ግን ሲነሣ መስመሩን ይዞ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ በበሩ ቆሞ «ቶሎ በል» እያለ ሠራተኛውን የሚያጣድፍ ሰው በገንዘቡ የራሱን ጕዳት ይገዛል። ከተለጠፈም በኋላ ውሃው ፈጽሞ እስኪደርቅ ቀናት፥ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ስለሚያስፈልጉ፥ ጉም ማጥፊያውን ሳያበሩ መታገሥ ይገባል።

ይህ ሁሉ የመልክ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላነጋገረ ነበር። ነገር ግን የኋላው መስተዋት የነጂው ዓይን ነው። በሌሊት ከኋላ የሚመጣው መብራት በተጨማደደ ላስቲክ ውስጥ ሲያልፍ ይሰባበራል፤ አንዱ መብራት ሁለት፥ የቀረበው የራቀ ይመስላል። አውቶሞቢሉን ወደ ኋላ የሚመልስ ሰውም ከበስተኋላው ቆሞ የሚጫወተውን ሕፃን አያየውም።

በልዩ ልዩ አገሮች ለዚህ ነገር ሕግ ተሠርቶለታል። በእንግሊዝ አገር ከ1985 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ወዲህ በሥራ ላይ የዋሉ አውቶሞቢሎች በፊተኛው መስተዋት ከመቶ 75፥ በፊት በሮቻቸውም መስተዋት ከመቶ 70 እጅ ብርሃን እንዲያሳልፉ ታዟል፤ ለኋላው መስተዋት ግን ልክ አልተወሰነለትም። ከአሜሪካም ክፍለ ሀገሮች አንዳንዶቹ የኋላውን መስተዋት የሚያጠቍር ሰው በግራና በቀኝ ስፖኪዮ እንዲኖረው ያዝዛሉ። ባለ ንብረትም ወደ ለጣፊው ከመሄዱ በፊት ያገሩ ሕግ ምን እንደሚል መጠየቅ ግዴታው ነው።

ሕግ ዝም ባለበት ስፍራ ግን ሕሊና ሊናገር ይገባዋል። ጥላ የሚፈለገው ከሐሩር ለመዳን ነው እንጂ ከሰው ዓይን ለመሸሸግ፥ ወይም የገዛ ዓይንን ለመጋረድ አይደለም። ባለሥልጣንም ቢሆን ሌላ ሰው በጥቍር መስተዋት የሚኰራ ከሆነ፥ ከኋላው ያለውን ማየት ያልቻለ ነጂ ምን ክብር እንዳለው ራሱን ይጠይቅ። ሠራተኛውም ከእጁ የሚወጣው ላስቲክ በአንድ ሌሊት የአንድን ሕፃን ነፍስ ሊያድን ወይም ሊያጠፋ እንደሚችል አስቦ፥ የመጨረሻዋን ጣት እስኪያስተኛ ድረስ አይቸኵል።