የኢሜይል ሰርቨር፦ ከምንጭ ኮድ ወይስ ከተዘጋጀ ፓኬጅ?

በአቃቂ ቃሊቲ ያለ አንድ መድረሳ የራሱን የኢሜይል ሰርቨር ለማቆም ቢያስብ፣ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የምንጭ ኮዱን አውርዶ ራሱ ኮምፓይል ማድረግ ነው፤ የሚፈለገውን ብቻ መርጦ ለመጫን ያመቻል። ሁለተኛው እንደ ዴቢያን ያሉ ሲስተሞች ያዘጋጁትን ፓኬጅ በአንድ ትእዛዝ መጫን ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ከተጫነ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2019 ኤግዚም በተባለው የኢሜይል ሰርቨር ላይ፣ አጥቂ ከሩቅ ሆኖ ሰርቨሩን እንዲያዝዝ የሚያስችል ክፍተት ይፋ ሆነ። ዴቢያን የታረመ ፓኬጅ ወዲያው ለቀቀ፤ ተጠቃሚው ማዘመን ብቻ ይበቃው ነበር። ከምንጭ ኮድ የጫነው ግን ዜናውን ራሱ ተከታትሎ፣ የታረመውን ኮድ አውርዶ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነበረበት።

የወላጆችና የዘካ ሰጪዎች መልእክት አማና ነው። ዘወትር የሚከታተል ባለሙያ ከሌለ ፓኬጁን እንመክራለን፤ የደህንነት ማሻሻያውም በራሱ እንዲጫን ይስተካከል።