ስለ ጕልበት ልም አጥንትና ስለ ሐር

በጋይንት፤ በስማዳና በእስቴ አገር የሰው ኑሮ በጕልበቱ የቆመ ነው። ገበሬው ዳገቱን ወጥቶ ቍልቍለቱን ወርዶ ያርሳል፤ ካህኑም በማኅሌት ጊዜ በመቋሚያው ተደግፎ ሌሊቱን ቆሞ ያድራል። የጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ እንደ መሆኗ፤ በዚያ አገር የመሪጌታ ጕልበት መታመም የአንድ ሰው ጕዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በመጋጠሚያ ላይ የአጥንቱን ጫፍ የሚያለብሰው ልም አጥንት፤ በተለምዶ ቅርጥምጥሚት የሚባለው፤ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡንም የሚያገኘው በመጋጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ስለዚህ የተሰበረ አጥንት ሲጠገን፤ የተጐዳ ልም አጥንት ግን ወደ ቀድሞው አይመለስም። ይህንንም በሎንዶን የነበረው ሐኪም ዊልያም ሀንተር፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1743 ዓ. ም. ጽፎት ነበር። ወጌሻም ቢሆን የወለቀውን ይመልሳል እንጂ ይህን ሊጠግን አይችልም።

የዛሬ ዘመን መርማሪዎች ሐርንና ድምፅን አጋጥመው ይሞክራሉ። ሐር ለልብሰ ተክህኖ የሚሆን፤ ሐኪሞችም ከጥንት ጀምሮ ቍስል የሰፉበት ነው። ሙጫው በፈላ ውሃ ከለቀቀ በኋላ የሚቀረውን፤ ፋይብሮይን የሚሉትን፤ አሟሙተው እንደ ሰፍነግ ባለ ብዙ ቀዳዳ አድርገው ያበጁታል። የልም አጥንት ሕዋሳት በቀዳዳው ገብተው ይራባሉ፤ ሐሩም ቀስ በቀስ እየሟሸሸ ስፍራውን ለአዲሱ አካል ይለቃል።

ድምፁ አልትራሳውንድ ይባላል፤ በሴኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ ስለሚርገበገብ የሰው ጆሮ አይሰማውም። ፅንስ የሚታይበትም መሣሪያ በዚሁ ይሠራል። ኃይሉ ለስላሳ ሆኖ ሲመጣ ሕዋሱን በቀስታ ይገፋዋል፤ ሕዋሱም ሰው ሲራመድ እንደሚደርስበት ጫና ቈጥሮት ኮላጅን እንዲሠራ ይነሣሣል።

ነገር ግን መቸኰል አይገባም። ይኸው ለስላሳ ድምፅ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1994 ዓ. ም. በአሜሪካ ለአጥንት ስብራት ተፈቅዶ ሳለ፤ በዚሁ አቈጣጠር በ2016 ዓ. ም. የታተመው፤ የቅልጥም ስብራት ባላቸው 501 ሰዎች ላይ የተደረገው ፈተና ፈውሱን እንዳላፋጠነው አሳይቷል። ከሐር ጋር ተጣምሮ ልም አጥንት ማብቀሉም ዋናው ሥራው ገና በቤተ ሙከራ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ስም መድኃኒት አለኝ ብሎ ለሚመጣ ነጋዴ ማንም ገንዘቡን አይስጥ።

በመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል የጉሎ ቅጠል የሚበላ የሐር ትል ተጠንቷል። ለሕክምና በብዛት የተመረመረው ሙልበሪ የሚበላው ትል ሐር ነው፤ የጉሎውም ይስማማ እንደ ሆነ የሚፈትን ሰው ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ቢነሣ፤ ጉሎው ከአገሩ አይጠፋም።